በጓንዡ ማረፊያ ስለ መምረጥ

ለንግድ ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የምትሄዱ ወገኖቼ ሆይ፤ በጉዞ ወኪልነት ሥራዬ ዘወትር የምጠየቀው ስለ ሆቴል ዋጋ ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ እጅግ ሰፊ ከተማ ከዋጋው አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሠፈሩ ነው። በዚያች ከተማ በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት የሚከፈተውን የካንቶን የንግድ ትርዒት ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው፣ አዳራሹ ፓዡ በሚባለው ሠፈር የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በዚያው ወይም በ8ኛው የከርሰ ምድር ባቡር መስመር አጠገብ ቢያድር ድካሙ ይቀልለታል፤ በዚያ ወራት ዋጋው ስለሚንር ግን ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል። የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት የሺያኦቤይ ሠፈር ለእንግዳ ሰው መልካም መጠጊያ ነውና፣ ለጀማሪ የምመርጠው እርሱን ነው። ከሁሉ ይልቅ፣ የቻይና ሕግ የውጭ አገር ሰው ባረፈበት ስፍራ እንዲመዘገብ ስለሚያዝዝ፣ ሆቴሉ የውጭ ፓስፖርት ተቀብሎ ምዝገባውን የሚፈጽም መሆኑን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ በግል ቤት የሚያርፍ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት።