የብረት ምድጃ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ፤ ሻጭ ለገዢ ሊያስረዳው የሚገባ ነገር

በደጋው አገራችን ብርዱ በበረታ ጊዜ፣ ለመኖሪያ ቤት ወይም ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን፣ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ የብረት ምድጃ የሚፈልግ ገዢ አይታጣም። ዕቃው ከውጭ አገር ሲመጣ የአጠቃቀሙ መመሪያ ከሣጥኑ ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ከማሸጊያው ጋር አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ገዢው የሚያውቀው ሻጩ በቃል የነገረውን ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ምድጃ የሚገዛው በእንጨቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚገባው አየር መጠን ነው። በሩ በደንብ ከተዘጋ አየር የሚያገኘው ለዚሁ በተሠራው ቀዳዳ ብቻ ነው። በሩ ወይም የአመዱ መሳቢያ ገርበብ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ ግን እሳቱ ወናፍ እንደ ተነፋበት ይሆናል።

ወደ አሠሪዬ መደብር አንድ ደንበኛ የውስጥ ሰሌዳው የተጣመመ ምድጃ አስጭነው መጥተው፣ «የተበላሸ ዕቃ ሸጣችሁልኝ» ብለው ነበር። ነገሩ ሲጣራ፣ እሳቱ ቶሎ እንዲያያዝ እየተባለ የአመዱ መሳቢያ ሁልጊዜ ሳይዘጋ ያድር ኖሯል። ፋብሪካዎች የሚሰጡት ዋስትና ከልክ ባለፈ ሙቀት የተጎዳን ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የማይጨምር በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ክርክር የሚያልቀው ወይ በሻጩ ወይ በገዢው ኪሳራ ነው።

ደግሞም መሳቢያውን ክፍት ማቆየት ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ የጭስ ማውጫው በቆላ እንደሚስበው በርትቶ አይስብም፤ ባለቤቱም እሳቱ ሲያንቀላፋበት በሩን ይከፍትና ይረሳዋል። መድኃኒቱ ግን ቧንቧውን ማስረዘም ነው። ስለሆነም ምድጃ የሚያስመጣ ነጋዴ ትርፍ ቧንቧ አብሮ ቢያዝዝ ለራሱም ለደንበኛውም ይበጃል።

የሙቀቱን ልክ በዓይን መገመት አስቸጋሪ ነው። ብረት መቅላት የሚጀምረው 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነውና፣ ቧንቧው ቀልቶ ከታየ ጊዜው አልፏል። በማግኔት የሚለጠፍ ትንሽ ቴርሞሜትር ከምድጃው በላይ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቧንቧው ላይ ቢደረግ ነገሩን አስቀድሞ ያሳያል። በነጠላ ብረት ለተሠራ ቧንቧ ደኅናው መጠን ከ115 እስከ 245 ዲግሪ ያህል ነው።

መርፌው ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ የአየሩን መግቢያ ሁሉ መዝጋት፣ በሩንና የአመዱን መሳቢያ አጥብቆ ገጥሞ መጠበቅ ነው። ለማየት ብሎ በሩን መክፈት እሳቱን መቀለብ ይሆናል። ውሃ መድፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የጋለው ብረት ሊሰነጠቅ፣ እንፋሎቱም ሰው ሊገሽር ይችላል። ከቧንቧው ውስጥ እንደ ዐውሎ ነፋስ ያለ ድምፅ ከተሰማ የተያያዘው ጥቀርሻው ነውና ቤተ ሰቡን አስወጥቶ የእሳት አደጋ መከላከያን መጥራት ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሙቀቱን ፈርቶ እሳቱን ሌሊቱን ሙሉ አፍኖ የሚያሳድር ሰው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የታፈነ እሳት ጭሱ ስለሚበዛ፣ በቀዘቀዘው ቧንቧ ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይጋግራል። ይህ ጥቀርሻ አንድ ቀን ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት የሚያደርሰውን ጉዳት የምናውቅ ሁሉ የታፈነ እሳት መርዘኛ መሆኑን አንስተውም። ትክክለኛው መንገድ ጥቂት ደረቅ እንጨት ጨምሮ ቦግ ብሎ እንዲነድ ማድረግ፣ ሲያልቅም መጨመር ነው።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ቃል ልጨምር። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ስለሚችል፣ የውሃው መጠን ከመቶ 20 በታች እስኪሆን ተፈልጦ በጥላ ሥር ሊደርቅ ይገባዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ግን ዘይት ስላለው ለማያያዣ ጥቂት ይበቃል፤ ምድጃውን በእርሱ መሙላት ሙቀቱን ባንድ ጊዜ ያስፈነጥረዋል። በምድጃውና በእንጨት ግድግዳ ወይም በመጋረጃ መካከልም፣ ፋብሪካው ሌላ ልክ ካልሰጠ በቀር፣ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መተው ያስፈልጋል።

በበሩ ዙሪያ የሚታሰረው እሳት የማይበላው ገመድ እያደር ያልቃል፤ ያን ጊዜ ምድጃው ተዘግቶም አየር ይስባል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ምድጃው በቀዘቀዘ ጊዜ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ገመዱ መለወጥ አለበት። ዋጋው ከምድጃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ ጥቂት ጥቅል በመደብሩ ማስቀመጥ የሚከብድ አይደለም።