ፊደልን ማዜም ፊደልን ማወቅ አይደለም





እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለ ሀሁ ምን አገባው የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ፣ ቃሉን እየሰባበረ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ፣ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶት ይገኛል። የከበደው ንባቡ እንጂ ቁም ነገሩ አይደለም። ይህም ችግር የተወለደው በ9ኛ ክፍል ሳይሆን ከፊደል ገበታው ፊት ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሦስት የ2ኛ ክፍል ልጆች አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ ተገልጧል። ይህ ለማንም ወላጅ ቀላል ወሬ አይደለም።

በከተማችን እንግዳ ወደ ቤት ሲመጣ አባት የ4 ዓመት ልጁን አቁሞ «በል፤ ሀሁ በል» ይለዋል። ልጁም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ያንበለብለዋል፤ እንግዳውም «ያሳድግልህ» ብሎ ይመርቃል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዲቱን ፊደል በጣት ነክተው «ይህች ማን ናት?» ቢሉት፣ ልጁ ከሀ ጀምሮ እየዘመረ እስኪደርስባት ድረስ መልስ የለውም። እንግዲህ ይህ ልጅ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ልጁን እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እያስነኩ ያስቈጥሩታል። ሀሁን ከያዘ በኋላም አቡጊዳን ያመጡበታል። አቡጊዳ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ተራውንም ድምፁንም ስለሚለዋውጠው፣ በዜማ ብቻ የተደገፈው ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፤ ዐይኑ ፊደል የለየለት ግን ያልፋል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ጨዋታዎች ሁሉ መሠረታቸው ይኸው የአቡጊዳ ጥበብ ነው፤ ይኸውም ፊደሏን ከተርታዋ አውጥቶ ለብቻዋ ማሳየት ነው።

1ኛ፤ ከልጁ ስም መጀመር። ለሕፃን ከገዛ ስሙ የበለጠ የሚጥመው ቃል የለም። ልጅቱ ሰላም ብትባል ሰ፣ ላ፣ ም የሚሉትን ሦስት ፊደላት በካርቶን ቍራጭ ላይ በጉልህ ጽፎ መስጠት ነው። የላቲን ፊደል ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው፤ «ደብልዩ» የሚለው ስም ፊደሉ በቃል ውስጥ የሚያሰማውን ድምፅ አይነግረንም። የእኛ ላ ግን ስሟም ላ፣ ድምፅዋም ላ ነው። ስለዚህ ልጅቱ በሦስት ፊደላት በዚያው ቀን አንድ ሙሉ ቃል አነበበች ማለት ነው።

2ኛ፤ ፊደላትን ከነዘመዶቻቸው ማስተዋወቅ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ፣ እንደ ቋና ጓ ያሉትን ዲቃሎች ሳንቈጥር፣ 231 ይሆናሉ። ይህ ቍጥር አዋቂን እንኳ ያስደነግጣል። ነገር ግን ፊደላቱ ቤተ ዘመድ ናቸው። ቡ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች፤ ቢ ጫማ ተጫምታለች፤ ባ ቀኝ እግሯ ረዝሟል፤ ቤ እግሯ ላይ ቀለበት አድርጋለች፤ ቦ ግራ እግሯ ረዝሟል። ሳድሷ ግን ከቤት ወደ ቤት መልኳን ስለምትለዋውጥ ለብቻዋ ታጥና። እንዲሁም ሰ ባርኔጣ ስትደፋ ሸ፣ ነ ስትደፋ ኘ፣ ዘ ስትደፋ ዠ ትሆናለች። ልጁ ይህን ሲሰማ ይሥቃል፤ የሣቀበትንም አይረሳም። በሰፌድ ላይ ዱቄት አሳስቶ በጣቱ እንዲጽፋት ቢደረግ ደግሞ እጁም አብሮ ይማራል።

3ኛ፤ ሰኞ ማክሰኞ። ልጆቻችን በመሬት ላይ ቤት ሠርተው ጠፍጣፋ ድንጋይ እየወረወሩ በአንድ እግር የሚዘሉትን ጨዋታ የማያውቅ የለም። ሰባት ቤት ሠርቶ በየቤቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞን መጻፍ ነው። ልጁ የረገጣትን ፊደል ይጥራ። በማግስቱ ግን ተራቸውን ማዘበራረቅ አይረሳ፤ ያለዚያ ዜማው ተመልሶ ይመጣል።

4ኛ፤ እንቆቅልሽ። ፊደላቱ የተጻፉባቸውን ካርቶኖች ወይም ቆርኪዎች በምንጣፍ ላይ በትኖ አባት «እንቆቅልህ» ይበል፤ ልጁም «ምን አውቅልህ» ይላል። «በሎ የምትጀምር፣ ቢጫ፣ ጎምዛዛ» ሲባል፣ ልጁ «ሎሚ!» ብሎ ሎን ከመካከል ያነሣል። ቀጥሎ ጠያቂው ልጁ ይሁን። አባትም አንዳንድ ጊዜ አቅቶት አገር ይስጥ፤ ጎንደርን ከአባቱ የተቀበለ ልጅ በነጋታው ጨዋታውን ራሱ ይለምናል።

5ኛ፤ የመንገድ ታፔላ። በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ከመሰላቸት «እስኪ ዳ የት አለች?» ማለት ይቻላል። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ያለ ክፍያ የተሰቀለ የፊደል ገበታ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይጠቅማል። ጨዋታው ከሩብ ሰዓት አይለፍ፤ ልጁ ገና «ድገመኝ» እያለ ማቆም ይሻላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሠና ሰ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በመጀመሪያ አንዷን አስይዞ፣ ቈይቶ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ ንጉሡ፣ እሳቱ እያሉ በስማቸው ማስለየት ይገባል። ልጁ ቢሳሳት ደግሞ ቍንጥጫና ስድብ አይኑር፤ በፊደል የተደነገጠ ልጅ መጽሐፍን ይሸሻልና።

«ከቢሮ ደክሜ የምመለስ ሰው ይህን መቼ እችላለሁ? ስልኩ ያስተምረው የለምን?» የሚል ወገን እንዳለ ዐውቃለሁ። ድካሙን አልክድም፤ እኔም የደመወዝ ሰው ነኝ። ስልኩ ግን በአብዛኛው ዜማውን ይደጋግምለት እንጂ የልጁን ዐይን አያይም፤ የቱ ላይ እንደ ቆመ አይጠይቀውም። ይህን ማድረግ የሚችለው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። እናት ወይም አባት ባይመቻቸው አያት ወይም ታላቅ እኅት ይበቃሉ።

እንግዲህ ልጅ ያለው አንባቢ ሁሉ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል በጣቱ ነክቶ ልጁን ይጠይቅ። ቢመልስ እሰየው፤ ከሀ ቢጀምር ደግሞ ሥራው ከየት እንደሚነሣ ታወቀ ማለት ነው።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ