በእንፋሎት የምትሄድ ትንሽ ጀልባ

ድስት ተጥዶ ሲፈላ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አይተናል። ክዳኑን የሚያነሣው ማነው? ከውኃው የሚወጣው እንፋሎት ነው። አንድ ስኒ ውኃ ፈልቶ ፈልቶ ሁሉም እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ስኒ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ለአንድ ሰው በተሠራች ጎጆ ውስጥ 1,600 እንግዳ ልግባ ቢል ግድግዳው ምን ይሆናል? ተገፍቶ ይወድቃል። የእንፋሎትም ጉልበት ይኸው ነው።

ይህን ጉልበት የሰው ልጅ እንደ በሬ ገርቶ ጠመደው። እ.ኤ.አ. በ1807 ሮበርት ፉልተን የተባለ አሜሪካዊ በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ሠርቶ፣ ከኒውዮርክ ከተማ እስከ ኦልባኒ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ በ32 ሰዓት ሄደባት። ዛሬ አብዛኞቹ መርከቦች የሚሄዱት በናፍጣ ነው። የእንፋሎቱ ዕውቀት ግን አልጠፋም። እንዴት?

በእንግሊዝ አገር ከሥራ መልስ፣ በትርፍ ጊዜያቸው፣ ክንድ የምታህል የእንፋሎት ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1898 ፐርሲቫል ማርሻል የተባለ ሰው እንዲህ ላሉት የእጅ ሥራ ወዳጆች መጽሔት ጀመረላቸው። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ በምሥራቅ ለንደን፣ በቪክቶሪያ ፓርክ፣ የእንፋሎት ጀልባ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በውድድር ጊዜ ጀልባዋን ከሐይቁ አንዱ ዳር ይለቋታል። በወዲያኛው ዳር ምልክት አለ። ማንም ሳይነካት ቀጥ ብላ ምልክቱ ጋ ከደረሰች ነጥብ ታገኛለች።

ጀልባዋ ሰው አትጭንም፤ እህልም ገበያ አታደርስም። ታዲያ ለምን ይለፋሉ? ትንሿን ሞተር በእጁ የሠራ ሰው ትልቁም ሞተር አይሰወርበትም። በጆሮ የሰሙት ይረሳል፤ በእጅ የሠሩት ግን አብሮ ይኖራል።

አሁን አሠራሯን ተራ በተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ማፍያው። ይህ ከመዳብ የተሠራ፣ ዙሪያውን የተዘጋ ትንሽ በርሜል ነው። ውኃ ይሞላበታል፤ አፉ ድረስ ግን አይሞላም፤ ለእንፋሎቱ ቦታ ይተውለታል። ከሥሩ በአልኮል ወይም በጋዝ እሳት ይነድዳል።

ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩ። እንፋሎቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ሲሊንደር ወደሚባል ትንሽ የናስ ቀሰም ይገባል። በውስጡ ፒስተን የሚባል ግንድ አለ። እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑም መዘውሩን ያዞረዋል። በቀላሉ ሞተር ሲሊንደሩ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ወደ አንዱ ሲያዘነብል የእንፋሎቱ መግቢያ ይከፈታል፤ ወደ ሌላው ሲያዘነብል መግቢያው ተዘግቶ መውጫው ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ መቅዘፊያው። ከመዘውሩ ጋር የተያያዘ ዘንግ በጀልባዋ ኋላ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። ጫፉ ላይ ያሉት ክንፎች እየዞሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፉ ጀልባዋ ወደ ፊት ትሄዳለች።

ነገሩ መጫወቻ ቢመስልም አደጋ አለው። እንፋሎት መውጫ ካጣ ማፍያውን ይሰነጥቀዋል፤ የብረቱ ስብርባሪ እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሦስት ነገር አይረሱም። በማፍያው ላይ፣ ግፊቱ ሲበዛ በራሱ የሚከፈት መተንፈሻ ይገጥማሉ። እሳቱ ከውኃው ቀድሞ እንዲያልቅ ነዳጁን ይለካሉ፤ ውኃው ቀድሞ ካለቀ ማፍያው ደርቆ ይቃጠላል፤ ብየዳውም ሊቀልጥ ይችላል። አዲስ ማፍያ ደግሞ እሳት ከማየቱ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ፣ ሊሠራበት ከታሰበው ግፊት በእጥፍ ይፈተናል። ለምን በውኃ? ውኃ እንደ እንፋሎት ታምቆ አይፈነዳም። ማፍያው ደካማ ቢሆን ያፈሳል እንጂ ሰው አይጎዳም።

እኛም ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። የተከደነ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ እሳት ውስጥ አንጣል፤ ልጆችም ሲጥሉ ዝም ብለን አንይ። ውስጡ ጥቂት ውኃ ብትኖር እንኳ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። የሚፈላ ድስትም ስንከፍት ክዳኑን ከፊታችን አርቀን እናንሣ፤ እንፋሎት ከፈላ ውኃ ይብስ ያቃጥላል።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ቡዳ ነው» እያሉ መሸሽ የቆየ ልማድ ነበር። ግን ማረሻችንን ማን ሠራው? ማጭዳችንንስ? በዚያ አገር ሰው ብረት መሥራትን ከሥራ ተርፎ፣ ለደስታው ብሎ ይማረዋል። እሳትና ብረት ማዘዝ የሚችል እጅ የሚከበር እንጂ የሚናቅ አይደለም።

ጥያቄዎች
1. ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚገፋው ለምንድን ነው?
2. እሳቱ ከውኃው ቀድሞ ማለቅ ያለበት ለምንድን ነው?
3. በመንደራችሁ ብረት የሚሠራው ማነው? ምን ምን ይሠራል?