ዘጠኝ ወንበርና አንድ መብራት ኃይል

ሲያትል የራሷ መብራት ኃይል አላት፤ ስሙ ሲያትል ሲቲ ላይት ነው። መራጮች በ1902 እ.ኤ.አ. ለሲዳር ወንዝ ማመንጫ 590 ሺህ ዶላር በቦንድ እንድትበደር ፈቀዱ፤ በ1905 የመንገድ መብራቶቹ በሩ። ቀጥሎ የስካጊት ወንዝ ግድቦች ጎርጅ፣ ዲያብሎና ሮስ ተሠሩ። ስለ ግድብ የሚጽፍ አይጠፋም። እኔ የምወደው ከግድቡ በላይ የተቀመጠውን ነው፦ ዘጠኝ አባላት ያሉትን የከተማውን ምክር ቤት።

ከንቲባው የሲቲ ላይትን ሥራ አስኪያጅ ያጫል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ሹመቱም በየአራት ዓመቱ እንደገና ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ታሪፍ የሚወጣው በምክር ቤቱ ደንብ ነው። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ የመብራት ሂሳቡ ሲጨምርበት ለዋሽንግተን ስቴት ኮሚሽን አቤት ልል ነው ብሎ ተነሳ። ያ ኮሚሽን የግል ኩባንያዎችን ታሪፍ ይቆጣጠራል እንጂ የከተማን መብራት አይነካም አልኩት።

«ታዲያ ለማን ልጩህ?»

«ለመረጥከው ሰው።»

«መቼ መረጥኩ?»

እንዲህ ያለውን ደንበኛ ምን ይሉታል?

ከዚህ የባሰው ግን የተማሩት ወገኖች ጥያቄ ነው፤ «ፖለቲከኛ ስለ ተርባይን ምን ያውቃል? ለባለሙያው ቢተውስ?» ይላሉ። መልሴ 1976 ነው። በዚያ ዘመን የአካባቢው ኤሌክትሪክ አቅራቢዎች በአንድ ማኅበር ሥር ሆነው አምስት የኑክሌር ማመንጫዎችን ሊገነቡ ተነስተው ነበር። ሲቲ ላይት ከ4ኛውና ከ5ኛው ማመንጫ ድርሻ ለመያዝ ፈለገ። የባለሙያዎቹ ሥጋት የኃይል ፍላጎት በፍጥነት ያድጋል፣ እጥረት ይመጣል የሚል ነበር። ምክር ቤቱ ስለ አቶም ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ፍላጎቱ በእርግጥ እንዲህ ያድጋል ወይ? «ኢነርጂ 1990» የሚባል ጥናት ተደረገ፤ ነዋሪዎችም በኮሚቴ ተቀምጠው ትንበያውን እያገላበጡ አዩት። ዋጋ ሲወደድ ሰው ይቆጥባል፤ ቤቱን ከብርድ የሚከላከል መሸፈኛ ያስገባል፤ ቁጠባ ራሱ እንደ ማመንጫ ሊቆጠር ይችላል የሚል ሐሳብ ጎልቶ ወጣ። ምክር ቤቱም አንገባም አለ፤ ቁጠባን መረጠ።

ሁለቱ ማመንጫዎች አላለቁም። በ1982 መጀመሪያ ግንባታቸው እንዲቋረጥ ተወሰነ፤ በ1983 ማኅበሩ የ2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ መክፈል አቃተው። ሲያትል ሙሉ በሙሉ አመለጠች ማለቴ አይደለም፤ የ1ኛው፣ የ2ኛውና የ3ኛው ወጪ በፌዴራሉ የኃይል አቅራቢ መሥሪያ ቤት በቦነቪል በኩል በክልሉ ታሪፍ ላይ ወድቋል። ግን ከትልቁ ገደል የመለሳት መሐንዲስ አልነበረም፤ ጠያቂ ነበር።

የፖለቲከኛ ሥልጣን ሲበላሽ ግን ክፉኛ ይበላሻል። ጄ. ዲ. ሮስ ራሱን ያስተማረ መሐንዲስ ነው፤ ከ1911 ጀምሮ ሲቲ ላይትን የመራ፣ ከአንድ የግል መብራት ኩባንያ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ምሰሶ ለምሰሶ የተፎካከረ። በመጋቢት 1931 ከንቲባ ፍራንክ ኤድዋርድስ በድንገት አባረረው። ሕዝቡ ፊርማ አሰባሰበ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በምርጫ ከንቲባውን ራሱን ከሥልጣን አወረደው። ሮስ ተመለሰ። አንድ የመብራት ሹም በመባረሩ ከንቲባ የሚያወርድ ከተማ ስንት አለ? እነዚያ መራጮች በጠባቂው ላይም ጠባቂ ነበሩ።

ዛሬ የሚጎድለው ያ ትጋት ነው። በ2010 የተቋቋመ ገምጋሚ ቡድን የደንበኞችን ወገን ይዞ የሲቲ ላይትን ዕቅድና ታሪፍ ይመረምራል፤ ስለ ስብሰባው ስነግራቸው ግን ወዳጆቼ ያዛጋሉ። ከከተማው የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ማስታወቂያ እየመሰላቸው ሳያነቡት ወደ ቆሻሻ የሚልኩትንም ታዝቤአለሁ። በአማርኛም የሚወጣ አለ እኮ! የገቢ መስፈርቱን ለሚያሟላ ቤተሰብ ከመብራት ሂሳቡ 60 በመቶ የሚቀንሰውም ቅናሽ ለጠየቀ እንጂ ለተቀመጠ አይመጣም።