ከጎን የተቀመጠው ልጅ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና «እማማ፣ ይቺን እዪልኝ» አለኝ። ሃያ ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወር ቢሆነውም የራሱ መኪና የለውም፤ የሚሳፈረው በጓደኛው መኪና ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ መኪና ሲነሳ ቶሎ የሚመጣብኝ የድንገተኛ ክፍል አልጋ ነው። ቢሆንም መነጽሬን አድርጌ አየሁለት። እውነቱን ለመናገር እንደዚያች ያለች ቆንጆ መኪና አይቼ አላውቅም።

ላንቺያ አውሬሊያ ቢ24 ስፓይደር ትባላለች። ስፓይደር በእንግሊዝኛ ሸረሪት ነው፤ ጣሊያኖች ግን ጣሪያዋ ክፍት የሆነ ባለሁለት ወንበር መኪና ሁሉ ስፓይደር ይሏታል። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ሲሆን ቁጥሯ 240 ብቻ ነው። ከእነዚህ 181ዱ መሪያቸው በግራ፣ 59ኙ ደግሞ በቀኝ ነበር። በዋናነት የታሰበችው ለአሜሪካ ገበያ ስለነበር «ስፓይደር አሜሪካ» የሚል ስምም ወጥቶላታል። ዛሬ በጨረታ ስትቀርብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት ጊዜ አለ።

አባቴ መካኒክ ነበር። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ከነበረው ጣሊያናዊ ነው። ቤታችን ውስጥ ጣሊያንኛ የሚችል ባይኖርም ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ካንዴላ፣ ስለ ማርሚታ ሳይወራ እራት የተበላበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጎማም ማርሽም ቢሆኑ ከጣሊያኖች የቀሩልን ቃላት ናቸው። ስለዚህ ልጁ «ጊርቦክሷ ከኋላ ነው» ሲለኝ «ካምቢዮ በል» ብዬ አረምኩት። ሳቀብኝ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ግን በዚህ ነገር ሁለት ሰዓት ባወራ ነበር፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ከፊት ሲሆን በአውሬሊያ ላይ ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም ከዲፈረንሻሉ ጋር ከኋላ ነው የተቀመጡት። ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እንዲካፈል፣ መኪናዋም ኩርባ ላይ መሬቱን እንድትይዝ ነው።

የላንቺያ ኩባንያ ቱሪን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 ቪንቼንዞ ላንቺያ ያቋቋመው ነው። አውሬሊያ በ1950 ስትወጣ ኩባንያውን የሚመራው ልጁ ጃኒ ነበር። ሞተሯን የነደፈው መሐንዲስ ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂልዮ ስድስቱን ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት አድርጎ በቪ ቅርጽ አቆማቸው፤ እንዲህ ያለ ሞተር በብዛት ተመርቶ ለገበያ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። የስፓይደሯን አካል የቀረጸው ደግሞ ፒኒን ፋሪና ነው። የፊት መስታወቷ ወደ ጎን ዞሮ ይታጠፋል። በሯ ከውጭ እጀታ የለውም፣ እጅ ሰድዶ ከውስጥ መክፈት ነው። የጎን መስታወትም የላትም፤ ዝናብ ሲመጣ የሚገጠም መጋረጃ ነገር ብቻ ነው ያላት። «ሐምሌ ላይ ምን ሊኮን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እማማ፣ ይቺ ለሐምሌ አይደለችም» አለኝ። ሞተሯ 2,451 ሲሲ ነው፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች።

«ቀበቶዋስ?» አልኩት።

ቀበቶ የላትም። በ1955 ማን ቀበቶ ነበረው! ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን፣ ደረትንና ዳሌን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ያስተዋወቀው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው።

ልጁ መኪናዋን ያወቃት ከአንድ የድሮ የጣሊያን ፊልም ነው። ፊልሙ «ኢል ሶርፓሶ» ይባላል፤ ደርቦ መቅደም እንደማለት ነው። ዲኖ ሪዚ የሠራው በ1962 ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው የስፓይደሯ ታናሽ እህት ናት፤ ከ1956 እስከ 1958 የተሠራች፣ የጎን መስታወትና የበር እጀታ የተጨመረላት ክፍት አውሬሊያ። እሷም ብትሆን ብዙ አይደለችም፣ 521 ነው የተሠራችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልቼ አብረን ተመለከትን። እስከ መጨረሻው የማየው አልመሰለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኑ ኦገስት 15 ነው፤ ጣሊያኖች ሁሉ ለበዓል ወደ ባሕር ሄደው ሮም ባዶዋን ቀርታለች። ብሩኖ የሚባል፣ አርባ ዓመት የተጠጋው ለፍላፊ ሰው በዚያች ክፍት መኪና ከተማውን ሲዞር ስልክ የሚደውልበት ያጣል። በመስኮት ያየው ሮቤርቶ የሚባል የሕግ ተማሪ ቤቱ ያስገባዋል። ልጁ ዓይን አፋር ነው፣ ለፈተና እያጠና ነው። ብሩኖ «ና ትንሽ እንዙር» ብሎ ይዞት ይወጣል። ትንሹ ዙር ሁለት ቀን ይሆናል። የሚሄዱበት መንገድ አውሬሊያ ነው፤ ከሮም ተነስቶ ባሕሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው፣ የጥንት ሮማውያን የቀየሱት መንገድ። መኪናዋም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው።

ብሩኖ ከፊቱ ያለን ሁሉ ሳይቀድም አያርፍም። ሦስት ድምፅ ያለው ጥሩምባ አለው፤ እሱን እየነፋ፣ እየሳቀ፣ በብስክሌተኛው እያላገጠ ያልፋል። ሮቤርቶ ከጎኑ ተቀምጧል። የሚያስበው ነገር በድምፅ ይሰማናል፤ ምነው ባልመጣሁ፣ ሰበብ ፈጥሬ ልለየው ይላል በልቡ። ከአፉ ግን አይወጣም። ይሉኝታ ይዞታል። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ጣሊያንም አለ። ቀስ በቀስ ደግሞ ደስ ይለው ጀመር። ፀጉሩን ንፋስ ሲመታው፣ ሰው ዞሮ ሲያየው፣ መኪናዋ ስታምርበት። መጨረሻ ላይ ቅደመው ቅደመው እያለ ብሩኖን የሚያበረታው እሱው ነው። ሊቮርኖ አጠገብ ገደሉ ዳር ያለ ኩርባ ላይ ሊቀድሙ ሲወጡ ከፊት ከባድ መኪና ይመጣል። ብሩኖ ከመኪናው ተወርውሮ ይተርፋል። ሮቤርቶ ከመኪናዋ ጋር ገደል ይገባል።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የሟቹን ማንነት ሲጠይቀው ብሩኖ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። የተዋወቁት ትናንት ነው።

እዚህ ላይ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአውራ ጎዳና ዳር ባለች ከተማ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሳለሁ ሁለት ወጣቶች በጭነት መኪና ተጭነው መጡልን። ሹፌሩ ግንባሩ ላይ ተሰፋና ተቀመጠ። ከጎኑ የነበረው ልጅ ሲደርስ ትንፋሽ አልነበረውም። ካርድ መሙላት የእኔ ሥራ ነበርና ሹፌሩን የልጁን ስም ከነአባቱ ጠየቅኩት። ሰፈር ውስጥ የሚጠራበትን የቅጽል ስም ነገረኝ። «የአባቱን አላውቅም፣ እንዲሁ ዞር እንበል ብዬው ነው የመጣው» አለ። ካርዱ ላይ ቅጽል ስሙን ጻፍኩ። እናቱ በማግስቱ ከሰዓት መጥታ በጫማው ለየችው። ይህን ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም፣ ለልጅ ልጄ ግን ነገርኩት።

ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ እኔም እኮ ዝም ብያለሁ» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጓደኛው ጋር አዳማ ሲሄዱ ጓደኛው 150 ነድቷል። እጁ እያላበው ስልኩን የሚያይ መስሎ ነው የደረሰው። ምን ይለዋል? መኪናው የጓደኛው ነው፣ ነዳጁም የእሱ፣ ከኋላ ደግሞ ሴቶች ልጆች አሉ።

እናንተ ወላጆች፣ ለሚነዳው ልጅ «ቀስ ብለህ ንዳ» የማይል በመካከላችን የለም። እኔም ለራሴ ልጆች ቁልፉን ሲያነሱ ሁሉ ብያለሁ። ከጎን ለሚቀመጠው ግን «በሰላም ግባ» ከማለት ያለፈ የነገርኩት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋን የሚቀድመው የለም። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። ይህን ያልኩት ልጁ ቁጥር ስለሚወድ ነው። ለእሱ ያስረዳሁት ግን ሌላ ነው፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሰውነትህ ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ የሚቀበለው ጉበትህና ጣፊያህ ነው።

ከዚያ ተለማመድን። አዎ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርገን። እኔ ሹፌሩ ሆንኩ። መጀመሪያ «ትንሽ ብትቀንስ» አለ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «አልሰማሁህም» አልኩና ነዳሁ። በሁለተኛው «አሞኛል፣ አቁምልኝ» አለ። ውሸት ነው ግን ይሠራል፣ ለጊዜው ያዘው አልኩት። በሦስተኛው በደንብ አድርጎ «ቀስ በል፣ ፈርቻለሁ» አለ። ሃያ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ፈርቻለሁ ሲል ምን ያህል እንደሚከብደው ፊቱ ላይ አየሁት። ከፈለገ መንገድ ላይ ወርዶ እንዲደውልልኝ፣ የታክሲውን እኔ እንደምከፍል፣ ለምን ወረድክ ብዬም እንደማልጠይቀው ነገርኩት። እናቱም እንዳትጠይቀው አስጠነቀቅኳት።

የአውሬሊያዋ ፎቶ አሁንም ስልኩ ላይ አለ፤ ስልኩን ሲከፍት የምትመጣው እሷ ናት። አጥፋት አላልኩትም፣ እኔም ማየት እወዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያው ጓደኛው ጋር ሐዋሳ ሄዱ። እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። እግሩን ታጥቦ እስኪቀመጥ ጠበቅኩና ጠየቅኩት።

«አንዴ ቀስ በል ብዬዋለሁ» አለኝ።

«ምን አለህ?»

«ሳቀብኝ። ከዚያ ቀነሰ።»