ከመሣሪያው ይልቅ ወንበሩ፦ ስታር ትሬክ በ60ኛ ዓመቱ

«ስታር ትሬክ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያ ክፍሉ ለተመልካች የቀረበው ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ድፍን 60 ዓመት ይሞላዋል። እንዲህ ያለ በዓል በመጣ ቁጥር የሚደረደረው ዝርዝር አይለወጥም፦ ሞባይል ስልክ፣ ታብሌት፣ ሲያናግሩት የሚመልስ ኮምፒውተር፣ በራሱ የሚከፈት በር፤ ሁሉም ከዚህ ድራማ እንደ ተቀዱ ይነገራል። ዝርዝሩ ለማስታወቂያ ይመቻል፤ ሲመረመር ግን አብዛኛው አይጸናም። በአንጻሩ ከዝርዝሩ ግርጌ በአንድ መስመር የሚታለፍ ሌላ ጉዳይ አለ። ድራማው ማን ሳይንቲስት፣ ማን ጠፈርተኛ፣ ማን አዛዥ ሊሆን ይችላል የሚለውን የሕዝብ ግምት አስፍቷል፤ ይህን ደግሞ ሰነድም ሰውም ይመሰክርለታል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ይኸው ነው፦ ስታር ትሬክ ቴክኖሎጂን የለወጠው ከሁሉ በላይ በመሣሪያው ፊት ባስቀመጠው ሰው በኩል ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበረሩ፣ በኋላም በሎስ አንጀለስ በፖሊስነት ያገለገሉ ደራሲ ናቸው። ያዘጋጀው ዴሲሉ ስቱዲዮ በኮሜዲ ተዋናይቷ በሉሲል ቦል ይመራ ነበር። ያሰራጨው ኤንቢሲ ደግሞ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የሚሸጠው የአርሲኤ ንብረት ስለ ነበር፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ የለበሱት የድራማው የጠፈር መንኮራኩር የኢንተርፕራይዝ ባልደረቦች ለገበያውም ይስማሙ ነበር። የተመልካቹ ቁጥር ግን ጣቢያውን አላረካም። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ሊቋረጥ ነው ሲባል አድናቂዎች ጣቢያውን በደብዳቤ አጥለቀለቁት፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ቢፈቀድም ሰዓቱ ወጣቱ ከቤት ወደሚወጣበት ወደ ዓርብ ምሽት 4 ሰዓት ተገፋ። በጁን 1969፣ 79 ክፍሎች ከታዩ በኋላ ድራማው አበቃ፤ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈች። ሰፊ ተመልካች ያገኘው ከተቋረጠ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ የየከተማው ጣቢያዎች ድጋሚውን በርካሽ ገዝተው በየቀኑ ያሳዩት ስለ ነበር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሁሉ ሊያየው ቻለ። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ተጽዕኖ ካለ መፈለግ ያለበት በ1966 የተመልካች ቁጥር ውስጥ ሳይሆን በእነዚህ ልጆች የኋላ ሕይወት ውስጥ ነውና።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የሞባይል ስልክ ነው። የኢንተርፕራይዝ አዛዥ ካፒቴን ከርክ ክዳኑን ፈንጠር አድርጎ የሚነጋገርበት መገናኛ የሞቶሮላውን መሐንዲስ ማርቲን ኩፐርን እንዳነሳሳ በ2005 የቀረበ አንድ ዘጋቢ ፊልም በሰፊው አስወርቷል። ኩፐር ኤፕሪል 3 ቀን 1973 ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ሆነው በእጅ በሚያዝ ሞባይል ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረጉ ሰው በመሆናቸው ወሬው ክብደት አገኘ። እርሳቸው ግን ኋላ ላይ ሐሳቡ የመጣላቸው ከሥዕል ታሪክ ጀግናው ከዲክ ትሬሲ የእጅ አንጓ ሬዲዮ መሆኑን ተናግረዋል፤ ያ ሬዲዮ በጋዜጣ የሥዕል ታሪክ ላይ የታየው በ1946፣ ከስታር ትሬክ 20 ዓመት ቀድሞ ነው። ከዚህም በላይ የሞባይል ስልክን ሞባይል ያደረገው አገሩን በትንንሽ ቀጠና ከፋፍሎ ያንኑ የሬዲዮ ሞገድ ደጋግሞ የመጠቀም ብልሃት ነው። ይህን የቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች በ1947 በጽሑፍ አስፍረውት ነበር። ከርክ ግን ማማ ሳይኖር፣ መስመር ሳይጨናነቅ ይነጋገር ነበር፤ ደራሲዎቹ የመሐንዲሶቹን እንቆቅልሽ አላነሱትም፣ አልፈቱትምም። በ1996 ሞቶሮላ ስታርታክ የተባለውን ታጣፊ ስልክ ሲያወጣ ስሙም አከፋፈቱም ከርክን ማስታወሱ አልቀረም፤ ይህ ግን ሥራው ከተሠራ በኋላ የመጣ የቅርጽ ጉዳይ ነው።

ሌሎቹም ሲታዩ ከዚህ አይርቁም። የመንኮራኩሯ ሐኪም ዶክተር ማኮይ ያለ መርፌ መድኃኒት የሚሰጥበትን መሣሪያ የመሰለ በግፊት የሚሠራ መውጊያ የአሜሪካ ጦር ለጅምላ ክትባት ይጠቀምበት ነበር። በራሱ የሚከፈት በር ድራማው ከመጀመሩ በፊት ገበያ ላይ ነበር፤ እንዲያውም በቀረጻው ቦታ በሮቹን ይስቡ የነበሩት ከጀርባ የቆሙ ሠራተኞች ናቸው። ሰውን ከመንኮራኩር ወደ ፕላኔት በጨረር ማሻገርም ከሳይንስ ራእይ የመጣ አይደለም፤ በየሳምንቱ መንኮራኩር ስታርፍ ለማሳየት በጀቱ ስላልበቃ የተዘየደ ነው። በታብሌት ጉዳይ ሳምሰንግ በ2011 ከአፕል ጋር ፍርድ ቤት ሲካሰስ በማስረጃነት ያቀረበው ስታር ትሬክን ሳይሆን የስታንሊ ኩብሪክን የ1968 ፊልም ነበር። በድራማው በሽታን በቅጽበት የሚለየው በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ ደግሞ በ2012 የ10 ሚሊዮን ዶላር ውድድር ተዘጋጅቶለት ነበር። በ2017 ውጤቱ ሲገለጽ መስፈርቱን በሙሉ ያሟላ ቡድን አልተገኘም፤ አንደኛ የወጣው የአሜሪካ ቡድን የተሰጠው የሽልማቱን ሩብ ያህል ነበር። ግብ ማቀበል አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን ማሳየት ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ መሐንዲሶቹ ራሳቸው «ከስታር ትሬክ ተነሳን» እያሉ ሌላው እንዴት አይደለም ይላል? በሁለት ቦታ ተቃውሞውን መቀበል ግድ ነው። ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢየሬ በ1994 ኅዋን ከፊት እያጨማደዱ ከኋላ በመዘርጋት ከብርሃን ፈጥኖ መጓዝ በአንስታይን ቀመር የሚፈቀድ መሆኑን ያሳዩበት ጥናት ሐሳቡም ስያሜውም ከድራማው የመጣ ነው። አማዞንም አሌክሳን ሲሠራ የኢንተርፕራይዝን ተናጋሪ ኮምፒውተር በአርአያነት መውሰዱን አልደበቀም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው እስካሁን በወረቀት ላይ ያለ ቀመር ነው፤ ሁለተኛው የተቻለው የድምፅ መለያ ምርምር ለአሥርተ ዓመታት ተገፍቶ፣ ኮምፒውተርም ጉልበት አግኝቶ ነው። አንድ መሐንዲስ «ልጅ ሳለሁ አይቼው ሳይንስ ወደድኩ» ሲል የሚነግረን ስለ ራሱ መነሻ ነው። ያ ምስክርነት ከመሣሪያው ታሪክ ወደ ሰው ታሪክ ይወስደናል፤ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ወደ ሰው ታሪክ ስንመጣ መሃል ላይ የምትቆመው ሌተና ኡሁራ ናት። ኒሼል ኒኮልስ የተጫወቷት ይህች ጥቁር ሴት የመንኮራኩሯ የመገናኛ ኃላፊ መኮንን ነበረች። በዘመኑ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴት በብዛት የምትታየው በቤት ሠራተኛነት ነበር። የኡሁራ ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙ ክፍሎች ውስጥ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ኒኮልስም ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ድራማውን ትተው ወደ መድረክ ሊመለሱ ወስነው ነበር። ያስቀራቸው በአንድ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ ያገኟቸው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንደ ነበሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተናግረዋል፦ ኪንግ የድራማው አድናቂ መሆናቸውን ገልጸው፣ ያ ቦታ ከተለቀቀ ማንም ሊተካበት እንደሚችል አስጠነቀቋቸው። ታሪኩን የምናውቀው ከኒኮልስ አንደበት ነው። ሆኖም ክብደቱ በኪንግ ስም ላይ ብቻ አያርፍም፤ ኒኮልስ ከዚያ በኋላ የሠሩት በመንግሥት መዝገብ የሚገኝ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሳ ለአዲሱ የጠፈር መንኮራኩር መርሐ ግብር፣ ለሸትል፣ ጠፈርተኞች ለመመልመል በ1976 ጥሪ አወጣ፤ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ጁን 1977 መጨረሻ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወደ ጠፈር የተላኩት አሜሪካውያን በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ተቋሙ ሴቶችና ጥቁሮች እንዲያመለክቱ ቢፈልግም፣ ለዓመታት ሲገፋቸው የኖረ መሥሪያ ቤት «ኑ» ሲል ማን ያምነዋል? በ1977 ናሳ ከኒኮልስ ድርጅት ከዊመን ኢን ሞሽን ጋር ውል ገባ። ተዋናይቷ በየዩኒቨርሲቲውና በየሙያ ማኅበሩ እየዞሩ፣ በቴሌቪዥን እየቀረቡ ቀሰቀሱ። ከ8,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። በጃንዋሪ 1978 ከተመረጡት 35 ሰዎች ስድስቱ ሴቶች፣ ሦስቱ ጥቁር ወንዶች፣ አንዱ የእስያ ዝርያ ያለው ነበር። በ1983 ሳሊ ራይድ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት፣ ጋይን ብሉፎርድ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነው ወደ ጠፈር የወጡት ከዚሁ ቡድን ነው።

ተጠራጣሪ አንባቢ «ከዚህ ውስጥ ስንቱ የኒኮልስ፣ ስንቱ የሌላ ነው?» ቢል ትክክል ነው። በ1972 የወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዘርና በጾታ እንዳያዳሉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሸትል ደግሞ ከሙከራ አብራሪዎች ሌላ ሐኪሞች፣ የፊዚክስና የምህንድስና ሊቃውንት ያስፈልጓት ስለ ነበር ምልመላው ከጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ጠባብ ክበብ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ሳሊ ራይድ ጥሪውን ያዩት በስታንፎርድ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው፤ «ኒኮልስ መለመሏቸው» ብሎ መጻፍ ማጋነን ነው። ስለዚህ በሩን የከፈተው ሕጉና የሥራው ጠባይ ነው። ክፍት መሆኑን ለማያምነው ሰው ለማሳመን ግን ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የታየ ፊት ያስፈልጋል። ኒኮልስ የነበራቸው ሀብት ይኸው ነው፤ የሰጣቸውም ድራማው ነው። በደቡብ ካሮላይና ያደገው ሮናልድ ማክኔር ልጅ ሳለ ስታር ትሬክን እንዴት ያይ እንደ ነበር ወንድሙ ተርኳል፦ ለወንድሙ ልብ ወለድ የመሰለው ለሮናልድ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። ማክኔር ከኤምአይቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዞ በ1978 ከተመረጡት አንዱ ሆነ፤ በ1986 ሸትል ቻሌንጀር ስትፈነዳ ሕይወቱ አለፈ። ሐኪሟ ሜይ ጀሚሰን ደግሞ ኡሁራን እያዩ ያደጉ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል። በ1992 በሸትል ኤንዴቨር ተሳፍረው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠፈርተኛ ሆኑ፤ በዓመቱም በተከታዩ የስታር ትሬክ ድራማ በአንድ ክፍል ላይ ተጫወቱ።

ድራማውን ከዘመኑ በላይ አድርጎ ማቅረብም ስህተት ነው። በመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ የመንኮራኩሯ ምክትል አዛዥ ሴት ነበረች፤ በጸደቀው ቅጂ ቦታው ለወንዱ ለስፖክ ሆነ፤ ሴቶቹም አጭር ቀሚስ ለበሱ። በ1969 የታየው የመጨረሻ ክፍል ሴት የመንኮራኩር አዛዥ መሆን እንደማትችል በግልጽ ያናግራል። በኖቬምበር 1968 የታየው የከርክና የኡሁራ መሳሳም «በቴሌቪዥን የመጀመሪያው የነጭና የጥቁር መሳሳም» ተብሎ በየዓመቱ ቢወደስም፣ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀደም ብሎ ታይቷል። በድራማው ውስጥም ሁለቱ የሚሳሳሙት በሌላ ኃይል ተገደው ነው። እነዚህ ጉድለቶች እውነት ናቸው። ነገር ግን ተመልካች ከቀረበለት ማዕድ የሚበጀውን ይመርጣል፤ ማክኔርና ጀሚሰን የወሰዱት የደራሲዎቹን ድክመት አልነበረም። የጃፓን ዝርያ ያለው ሱሉ መሪውን ይዞ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል ሩሲያዊው ቼኮቭ ከጎኑ ተቀምጦ ማየት በራሱ የሚናገረው ነበረው። ሱሉን የተጫወቱት ጆርጅ ታኬይ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር በአሜሪካ መንግሥት የጃፓናውያን ማጎሪያ ሰፈር የታሰሩ ናቸው።

የቀሩትን ቅርንጫፎች በጥቂቱ መጥቀስ ይበቃል። በ1972 ኒውዮርክ የተጠራው የአድናቂዎች ጉባኤ አዘጋጆቹ ከጠበቁት በብዙ እጥፍ ሕዝብ ስቦ ለዛሬው የአድናቂዎች ባህል መንገድ ከፍቷል። የቋንቋ ሊቁ ማርክ ኦክራንድ ክሊንጎን ለተባሉት የድራማው የሌላ ዓለም ፍጡራን የፈጠሩት ቋንቋ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። በ1976 በአድናቂዎች ደብዳቤ የተነሳ የመጀመሪያዋ ሸትል ኢንተርፕራይዝ ተባለች፤ ለሙከራ ብቻ የተሠራች በመሆኗ ግን ጠፈርን ሳታይ ቀረች።

ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት ዛሬ ውርሱን የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ ነው። የአሜሪካ ጦር በፎርት ቤልቮር ያሠራው የስለላ ማዕከል የኢንተርፕራይዝን የአዛዥ ክፍል እንዲመስል ተደርጎ በሆሊውድ ባለሙያ መነደፉ በ2013 ተዘግቧል። የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ በ2021 ከርክን የተጫወቱትን የ90 ዓመቱን ዊሊያም ሻትነርን በራሳቸው ሮኬት ወደ ጠፈር ጫፍ ልከዋል። መሣሪያውን፣ ወንበሩን፣ ካፒቴኑን ሳይቀር መውሰድ እንዲህ ቀላል ነው። በኋለኞቹ የስታር ትሬክ ድራማዎች ሰዎች ለገንዘብ መሥራት የተዉ መሆናቸውን፣ እውቀትም ለሁሉ መሆኑን ግን እነዚህ ወራሾች ሲያነሱ አይሰማም።

በሌላ በኩል የ1978ቱ ምልመላ የጀመረው ለውጥ ሩቅ ሄዷል፦ በ2013 ናሳ ከመረጣቸው ስምንት ጠፈርተኞች አራቱ ሴቶች ነበሩ፤ በ2023 ለአርጤምስ 2 የጨረቃ ዙሪያ ጉዞ ከተሰየሙት አራት ሰዎች መካከልም አንዲት ሴትና አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ይገኙ ነበር። ያም ሆኖ በ2025 ናሳ የመጀመሪያዋን ሴትና የመጀመሪያውን ነጭ ያልሆነ ሰው ጨረቃ ላይ አሳርፋለሁ የሚለውን ቃሉን ከድረ ገጹ አንስቷል። በ60ኛው ዓመት መሣሪያ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ሊመዝኑት አይችሉም፤ አንድ ጊዜ የተፈለሰፈ ስልክ ወደ ኋላ አይመለስም። ወንበር ግን የተሰጠውን ያህል ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የስታር ትሬክን ተጽዕኖ ሕያውነት መለካት የሚፈልግ ሰው የሚቀጥለውን የጠፈርተኞች ስም ዝርዝር ያንብብ።