ለኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት መከለያ

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚከሰተው የሰውነታችን መከላከያ ሥርዓት በቆሽት ውስጥ የሚገኙትን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ተመራማሪዎች እነዚህን ሕዋሳት የያዙ «ደሴት» የሚባሉ ክምችቶችን ከለጋሾች ቆሽት ወስደው ለ7 ሕሙማን በመስጠት ከኢንሱሊን መርፌ እንዳላቀቋቸው አስታወቁ። ይሁን እንጂ ተቀባዮቹ የመከላከያ ሥርዓታቸውን የሚያዳክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ ነበረባቸው፤ ይህም ለተላላፊ በሽታዎች ያጋልጣል።

ባዮማቴሪያል የሚባሉትን፣ ከሕያው አካል ጋር ተስማምተው እንዲሠሩ የሚዘጋጁ ቁሶችን የምንሻው ለዚህ ነው። ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት የተሸፈኑ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1980 በአይጦች ላይ ተሞክረዋል። የሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስኳርን፣ ኦክስጅንንና ኢንሱሊንን ሲያሳልፉ አጥቂ ሕዋሳትን ያግዳሉ። ሆኖም ሰውነት ሽፋኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በጠባሳ ሲከበው ደሴቶቹ ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። ስለዚህ የምንፈልገው ሽፋን ጥቃትን የሚመክት፣ ጠባሳንም የማያስከትል መሆን አለበት።